ጎንደር ላይ ዝግጅት በቀጥታ ለማስተላለፍ፦ ከካሜራው በፊት መስመሩ

ሰርግ፣ ምረቃ፣ የድርጅት ጉባኤ ወይም የአዲስ ሆቴል ምርቃት በቀጥታ እንድታስተላልፉ ስትጠሩ፣ ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሜራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ስርጭት በካሜራ ማነስ ሲወድቅ ብዙም አይታይም። የሚወድቀው በአፕሎድ (ቪዲዮውን ወደ ኢንተርኔት በመላኪያ ፍጥነት)፣ በመብራትና በድምፅ ነው። አንድ ካሜራ፣ ጥርት ያለ ድምፅና የማይቆራረጥ መስመር ያለው ስርጭት፣ አራት ካሜራ ይዞ በየአምስት ደቂቃው ቆሞ ከሚሽከረከር ይሻላል። ሌላው ከመነሻው የሚያዝ ደንብ፦ ስርጭቱ ቢቆረጥም ቅጂው አይቆረጥም። መጀመሪያ ቦታው ላይ የሚቀዳ ሥራ አለ፤ ላይቩ የዚያ ሥራ አንድ ቅርንጫፍ ነው።

መስመሩን መለካት

የቦታ ቅኝቱን ዝግጅቱ በሚውልበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት አድርጉት። ማክሰኞ ረፋድ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የጫነ ሲም እሑድ ከሰዓት፣ አዳራሹ ሞልቶ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ፣ 2 ሜጋቢት ላይ ሊወርድ ይችላል። በአንድ ማማ ሥር ያለ ሰው አንዱን መስመር ይካፈላል፤ እንግዳው በየፌስቡኩ ቪዲዮ ሲጭን የሚወስደው ከእናንተ ድርሻ ነው።

ለ1080 ፒ ምስል በሰከንድ 4500 ኪሎቢት (4.5 ሜጋቢት)፣ ለ720 ፒ 2500 ኪሎቢት ያስፈልጋል። የተለካው አፕሎድ ከምትልኩት ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ የምትቆጥሩትም ከፍተኛውን ሳይሆን ዝቅተኛውን ልኬት ነው። 9 ሜጋቢት የማይሞላ ቦታ ላይ 1080 አትሞክሩ። 720 ፒ በስልክ ስክሪን ላይ ያምራል፤ አብዛኛው ተመልካች ደግሞ በስልክ ነው የሚያየው። አፕሎዱ ከ5 ሜጋቢት በታች ከሆነ 480 ፒ በ1200 ኪሎቢት ላኩና ደንበኛውን ቀድማችሁ አሳውቁ።

ስፒድቴስት (የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያው) ብቻውን አይታመንም። ራሱ የሚመርጠው ቅርብ ያለውን ሰርቨር ስለሆነ፣ የሚለካው እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮው ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። እውነተኛው ፈተና ዩቲዩብ ላይ ለማንም በማይታይ ስርጭት ከቦታው 20 ደቂቃ ሙሉ መላክ ነው።

የዳታ ሒሳቡ ቀላል ነው። 4500 ኪሎቢት ከድምፁ ጋር በሰዓት 2.1 ጊጋባይት፣ 2500 ኪሎቢት ደግሞ 1.2 ጊጋባይት ይበላል። ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ሰርግ በ1080 ፒ 12.6 ጊጋ ነው፤ ለሙከራውና ለመጠባበቂያው ጨምራችሁ 20 ጊጋ ያዙ። ጥቅሉ የሚያበቃበትን ሰዓትም እዩ፤ የ24 ሰዓት ጥቅል በዋዜማው ለሙከራ ተብሎ ከተገዛ ሙሽሪት ስትገባ ሊያበቃ ይችላል።

ሁለት መስመር ይኑራችሁ፣ ሁለቱም የአንድ ኩባንያ አይሁኑ። ሆቴሉ የፋይበር መስመር ካለው እሱ አንደኛ ይሁን፤ ግን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከራውተሩ ተቀበሉ፤ ለዚያ ሰዓት የእንግዶቹ ዋይፋይ እንዲዘጋ ወይም ፍጥነቱ እንዲገደብ ከሆቴሉ ጋር ተስማሙ። ሁለተኛው ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም አንደኛውን መስመር ያልሰጠው ኩባንያ ሲም ያለው ራውተር ይሁን። በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ ደግ ነው፤ በሲም ብቻ የታቀደ ሥራ በእንዲህ ያለ ጊዜ መውጫ የለውም።

በወፍራም የድንጋይ ግንብ ውስጥ ወይም ከመሬት በታች ባለ አዳራሽ ሲግናል ሲዳከም ራውተሩን ከእናንተ ጠረጴዛ ጋር አታስሩት። ሲግናል ወዳለበት መስኮት ወይም ሰገነት ውሰዱትና በኔትወርክ ኬብል ወደ ላፕቶፑ አምጡት፤ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ከተማዋ ኮረብታማ ስለሆነች፣ የሕንፃውን ጎን መቀየር ብቻ ልዩነት የሚያመጣበት ቦታ አለ።

የጥምቀት ነገር

በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ በሞባይል ዳታ ብቻ አስተላልፋለሁ ብሎ ውል መፈረም ድፍረት ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚሸከም የሞባይል አፕሎድ አይገኝም። የሚያዋጣው ከሳምንታት በፊት በአቅራቢያው ካለ ቤት ወይም ድርጅት የፋይበር መስመር ለመጠቀም መስማማትና ኬብል መዘርጋት ነው። ያ ካልተገኘ ሙሉውን ቀድታችሁ፣ የተመረጡ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቁራጮችን ከቦታው ርቃችሁ በየሰዓቱ ጫኑ፤ ስሙም ላይቭ ሳይሆን «የዕለቱ ቅኝት» ይሁን።

ትራይፖድ ሕዝብ በሚቆምበት የእንጨት ርብራብ ላይ አይተከልም። አንደኛ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው መዋኛው ላይ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት አልፏል። መሬት ወይም የድንጋይ ግንብ ይሻላል፤ ቦታውንም በከተራ ዕለት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ከአስተባባሪዎቹ ጋር ያዙ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ፈቃዱን ከሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ያልያዘ ሰው ሣጥኑንም ይዞ ባይመጣ ይመረጣል።

ድምፅ

ተመልካች ለደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ለማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከ15 ሜትር ርቀት የሚሰማው የሳህን ኳኳታና የሕፃን ልቅሶ ነው። ድምፁ ከሳውንድ ሲስተሙ ሚክሰር ይወሰድ።

ሳውንድ ማኑን ከዋናው መውጫ ሳይሆን ከአውክስ መውጫ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ዋናው መውጫ የሚስተካከለው ለአዳራሹ ጆሮ ነው። ከበሮው በራሱ ጉልበት ስለሚሰማ ስፒከሩ ላይ ይቀነሳል፤ ያን ከወሰዳችሁ ስርጭቱ ላይ ዘፋኙ ብቻውን ይጮሃል፣ ከበሮው የለም። በአውክስ ግን ለእናንተ ብቻ የሚሆን ቅልቅል ይሠራላችኋል። በተጨማሪ እንግዳው መሀል አንድ ወይም ሁለት ማይክ ትከሉና በዝቅተኛ መጠን ቀላቅሉ፤ እልልታና ጭብጨባ የሌለው ሰርግ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ያጋጥማል። የመጀመሪያው የሚክሰር መውጫን ከካሜራው የማይክ ጃክ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው። ከሚክሰር የሚወጣው ሲግናል ከማይክ ሲግናል በብዙ እጥፍ ይበረታል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ካሜራው ላይ ቮልዩም መቀነስም አያድነውም፣ ምክንያቱም የተበላሸው መግቢያው ላይ ነው። ካሜራው «ላይን» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ፣ ከሌለው ሲግናሉን የሚቀንስ ፓድ መሀል ይግባ። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ሲሠራ ስለማይታወቅ። ባለሦስት ፒን የሚክሰር መስመርን በተራ መለወጫ ወደ ስቴሪዮ ጃክ ስታገናኙ፣ ግራና ቀኙ ተቃራኒ ሆነው ይገባሉ። በሄድፎን ስታዳምጡ ድምፁ አለ፤ በስልክ ስፒከር ግን ሁለቱ ተደምረው ይጠፋፋሉና ንግግሩ ይከስማል። «ድምፅ የለም» የሚል መልእክት ከተመልካች ሲመጣ እናንተ ጋ ጥርት ብሎ እየተሰማ ከሆነ፣ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። መፍትሔው ማግለያ ትራንስፎርመር ወይም ባለሦስት ፒን መስመርን የሚቀበል የድምፅ ካርድ ነው፤ ለጊዜው ግን ኦቢኤስ (ስርጭቱን ከላፕቶፕ የሚልከው ሶፍትዌር) ላይ አንዱን ጎን ብቻ መውሰድ ይሆናል።

የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ከተሰማ ላፕቶፑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ኃይል እየወሰዱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ስጡ፤ ካልጠፋ ማግለያ ትራንስፎርመር መሀል አስገቡ። የመሬት ፒኑን ቆርጦ የሚያስተካክል ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ሰውም ሊጠፋ ይችላል።

መጠኑን ንግግር ከዜሮ በታች 18 እስከ 12 ዲሲቤል፣ ጩኸቱ ደግሞ ከ6 እንዳያልፍ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ ከበላይ ሊሚተር (ድምፁ ከገደብ እንዳያልፍ የሚይዝ) ይኑር። ለማሕሌት ከዚህም የበለጠ ክፍተት ተዉ። ከበሮ ሲመታ መርፌው በአንዴ ይዘላል። ጸናጽል ደግሞ ቀጭን ድምፅ ስለሆነ በ64 ኪሎቢት ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሰማል፤ ድምፁን በ160 ኪሎቢት ላኩ። አዝማሪ በእንግዳው መሀል እየዞረ ስለሚጫወት ደረቱ ላይ ሽቦ አልባ ማይክ ያስፈልገዋል፤ ሲጨርስ ማይኩን መቀበል የአንድ ሰው ሥራ ይሁን፣ አለዚያ አብሮት ይሄዳል።

ድምፅ ከምስል ከቀደመ፣ ስዊቸሩ (ካሜራዎቹን የሚያቀያይረው) እና ካፕቸር ካርዱ (ምስሉን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው) ምስሉን እያዘገዩት ነው። ከካሜራው ፊት አጨብጭቡ፣ ቅጂውን ፍሬም በፍሬም እዩ፤ በ25 ፍሬም አንዷ 40 ሚሊሰከንድ ናት። ሦስት ፍሬም ከቀደመ ድምፁን 120 አዘግዩት።

መብራት

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እስኪነሳ ያለው ጊዜ ላፕቶፑን ሳይሆን ራውተሩንና ስዊቸሩን ይገድላል፤ እነሱ ባትሪ የላቸውም። 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ለላፕቶፕ፣ ለስዊቸርና ለራውተር፣ በድምሩ ወደ 150 ዋት፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይይዛል። ከዝግጅቱ በፊት ነቅላችሁ ሞክሩት፤ ሦስት ዓመት የቆየ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ ጩኸት ብቻ ነው።

ከሳውንድ ሲስተሙና ከድግሱ ፍሪጅ ጋር አንድ መስመር አትጋሩ። ትልቁ ስፒከር በመታ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ካፕቸር ካርድ ደግሞ ይህን ይጠላል፣ ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ተራ የቤንዚን ጀነሬተር ከሆነ በስታብላይዘርና በዩፒኤስ በኩል ይለፍ፤ ከዳሱም 25 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ማይኩ እንዳይሰማው።

ምስል

ስለ ካሜራ ብዙ ስለተጻፈ አጭር እንበል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50። 30 ፍሬምና 1/60 ከመረጣችሁ የአዳራሹ አምፖሎች ይርገበገባሉ። ነጭ ሚዛኑን በእጅ ቆልፉት። ካሜራው ኤችዲኤምአይ ሲያወጣ የባትሪና የፎከስ ምልክቱ አብሮ እንዳይወጣ፣ 30 ደቂቃ ሲሞላም ራሱን እንዳያጠፋ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን መጥፋት ይጀምራል፤ ለሩቅ ካሜራ ኤስዲአይ ተጠቀሙ፣ እስከ 80 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል።

ሀገራዊው ፈተና ነጭ ልብስ ነው። በጥር ፀሐይ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ፊት ካሜራውን በአውቶ ከተዋችሁት፣ ነጩን ለማዳን ብሎ ፊቱን ያጠቁራል። ማኑዋል አድርጉ፤ መጋለጡን በፊት ላይ አስተካክሉ፣ የነጠላው ጥለት እስካልጠፋ ድረስ ነጩ ትንሽ ቢበራ አይጎዳም። ለቀን ብርሃን ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ፊት የሚደረግ ብርሃን መቀነሻ) ያዙ፣ ያለሱ 1/50 ላይ መቆየት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው። የት መቆም እንደሚፈቀድ ከአስተዳዳሪው ጠይቁ፣ ወደ መቅደስ ካሜራ አይዞርም፣ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለ የጥንት ሥዕል ያለበት ቦታም መብራት አታብሩ።

ጽሑፍና ሰዓት

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም በአማርኛ ሲሆን በሌላ ላፕቶፕ ወደ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ይለወጣል፤ ፊደሉ እዚያ ስላልተጫነ ነው። ጽሑፉን በምስል ፋይል አውጥታችሁ ያዙ። ስሞችን ከባለቤቶቹ በጽሑፍ ተቀበሉ። ኃይሉ በየትኛው «ኀ» እንደሚጻፍ፣ ፀሐይ በ«ጸ» ይሁን በ«ፀ»፣ መጋቤ ይሁን ሊቀ ካህናት፣ በስልክ የተነገረ ስም ሁሌ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ማዕረግ ደግሞ ከተቆረጠ ስርጭት በላይ ያስቀይማል።

ለውጭ ዘመድ የሚላከው ሰዓት ሌላ ወጥመድ ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ ዩቲዩብ ላይ 8 ካስገባችሁ ስርጭቱ የሚጠበቀው ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል፤ የሚገባው 14 ነው። በጥር 8 ሰዓት ላይ የሚጀመር ሰርግ ለእስራኤል ዘመድ በነሱ አቆጣጠር 13፣ ለዋሽንግተኑ ንጋት 6 ነው። በሐምሌ ምረቃ ይለወጣል፤ እስራኤል ከእኛ ጋር እኩል፣ ዋሽንግተን 7 ይሆናል። ግብዣው ላይ የሦስቱንም ጻፉት።

የዩቲዩብ ቻናል ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እስከ 24 ሰዓት ስለሚፈጅ በዋዜማው አይጀመርም። ከ12 ሰዓት በላይ የሄደ ስርጭት ዩቲዩብ ላይ አይቀመጥም፤ ፌስቡክ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ የላይቭ ቪዲዮን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ዲጄው የሚያጫውተው የታወቀ ዘፈን የባለመብት ማስጠንቀቂያ ያመጣል፣ አንዳንዴም ስርጭቱን ያስቆማል። ዘፈኑን ከሚክሰር በቀጥታ አትውሰዱ፣ የዲጄው ቻናል ከእናንተ አውክስ ይውጣና በአዳራሹ ማይክ በኩል ብቻ ይሰማ። ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ሊንክ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ከሩቅ የሚናገር ሰው ሲኖር

በድርጅት ጉባኤ ላይ በዙም የሚገባ ተናጋሪ ካለ፣ የራሱ ድምፅ በአዳራሹ በኩል ተመልሶ እንዲሰማው አይደረግም፤ ከተደረገ በየቃሉ እየተሰናከለ ንግግሩን ያቆማል። ወደ እሱ የሚሄደው አውክስ የሁሉም ማይክ ድምፅ ይኑረው፣ የእሱ ድምፅ ብቻ ጭራሽ አይግባበት። ዙሙ በአንድ ላፕቶፕ፣ ስርጭቱ በሌላ ይሥራ። ይህን ሥራ ለሳውንድ ማኑ ጠዋት ላይ በቃል አትንገሩት፤ በዋዜማው አብራችሁ ሞክሩት።

በዕለቱ

ለ8 ሰዓት ዝግጅት 4 ሰዓት ላይ ቦታው ድረሱ። እስከ 6 ገመዱ ይዘርጋ፣ መተላለፊያ ላይ ያለው በሙሉ በፕላስተር ይለጠፍ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ድብቁን ስርጭት ጀምሩ። ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ ምንም ነገር አይነካም፤ «ትንሽ ላስተካክል» የሚባለው ነገር ብዙ ስርጭት አበላሽቷል።

ኦቢኤስ ላይ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ቋሚ፣ ኪፍሬም (ሙሉ ምስል የሚላክበት ልዩነት) 2 ሰከንድ፣ መልሶ የመገናኘቱ ሙከራ ክፍት ይሁን። ዩቲዩብ ላይ የመዘግየት ምርጫው «መደበኛ» ይሁን፤ እጅግ ፈጣኑ ትንሽ የኔትወርክ መንገራገጭ እንኳ ለተመልካች ያሳያል። ቅጂው በኤምኬቪ ይቀዳ፤ መብራት ቢጠፋ ኤምፒ4 ፋይል ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ኤምኬቪ ግን እስከዚያ ያለውን ያስቀራል። በየካሜራውም ካርድ ላይ ይቀዳ፤ በ50 ሜጋቢት በሰዓት 22.5 ጊጋ ነውና 64 ጊጋ ካርድ ሦስት ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል።

ስርጭቱ ሲንቀራፈፍ ምክንያቱን ከግምት ሳይሆን ከኦቢኤስ ቁጥር አንብቡ። ኔትወርክ ላይ የተጣሉ ፍሬሞች ከጨመሩ ቢትሬት ቀንሱ። በኢንኮዲንግ (ቪዲዮውን ለመላክ በማመቅ) ምክንያት የተዘለሉ ፍሬሞች ከጨመሩ ግን ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው፤ የደከመው ላፕቶፑ ነው፤ በግራፊክስ ካርዱ ወደሚሠራው ኢንኮደር ቀይሩ ወይም ወደ 720 ውረዱ። ሁለተኛው ሲሆን ሲም መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

ከሠራተኞቹ አንዱ በሌላ ኔትወርክ ባለ ስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልኩ ስፒከር፣ ስርጭቱን እንደ ተመልካች ይከታተል። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር በቴሌግራም መገናኘትም ይጠቅማል፤ «ቆሟል» የሚለው ቃል ከእሱ ቀድሞ ይመጣል።

ውሉ

በወረቀት ላይ አራት ነገር ይግለጽ፦ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ኢንተርኔቱን ማን እንደሚያቀርብ፣ መስመሩ ከቁጥጥር ውጭ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን፣ የተቀዳው መቼና በምን እንደሚረከብ። ሦስተኛው ላይ «ሙሉ ቅጂው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጫናል፣ የስርጭቱ ክፍያ ይህን ያህል ይቀነሳል» ብላችሁ ቁጥር አስቀምጡ። የቅጂና የስርጭት ዋጋ ለየብቻ ከተጻፈ ጭቅጭቅ አይኖርም፤ አንድ ላይ ከተጻፈ መስመር የተቆረጠ ዕለት ደንበኛው ሁሉንም አልከፍልም ይላል። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ዳታ አትግዙ።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ስርጭቱን ቶሎ አትዝጉ፤ የመጨረሻውን ምስል አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ተመልካቹ ከእናንተ ብዙ ሰከንድ ወደኋላ ነው። ካርዶቹ ከቦታው ሳትወጡ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ፣ ሁለቱም በአንድ ባጃጅ አይጓዙ። ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት ደንበኛው ፋይሉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አይቶ «ደርሶኛል» ካለ በኋላ ነው።